የወገዳው ቁራኛ

ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም። ጓደኛህ ፈንታ ዛሬ በአሥር ሰዓት አንተን ሆኖ መድረክ ይወጣል።

አያሌው፣ ሆዴ፣ ከተለየኸኝ ዓመት ከስምንት ቀን ሆነ። የሙት ዓመትህን ባለፈው ሳምንት አወጣሁ። ካህናቱ መጡ፣ ፍትሐቱ ተደረሰ፣ ጠላው ተረፈ። ከተቀመጡት ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ፈልገው ሳይጠይቁኝ እህሉን ቀምሰው ሄዱ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የወገዳው ነገር ከአንተ አፍ ወጥቶ እንደሆነ ነው።

የቤቱን ላስቀድም። ጣራው ቆርቆሮ ሆኗል። ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው አያሰማማም፤ እኔ የማነጋግረው ስለሌለኝ አልተጎዳሁም። ልጃችን ብርቄ ደብረ ታቦር አግብታለች። ባሏ አስተማሪ ነው፣ ብዙ አይናገርም፣ ጥሩ ሰው ይመስለኛል። ማመልከቻ ስትጽፍበት የኖርኸውን ጠረጴዛ ከፍርድ ቤቱ ወይራ ሥር አስነሥቼ እቤት አስገባሁት፤ የሰው ልብስ እቀድበታለሁ። ከአጭሩ እግሩ ሥር ታደርገው የነበረውን ድንጋይ እዚያው ትቼው መጣሁ። በሌላ ድንጋይ ብሞክረው አልረጋ አለ። አሁንም ስጽፍልህ ይወዛወዛል።

ውሻው አርጅቷል። የሚሰማው ግን ደህና አድርጎ ነው። ስለሱ በኋላ እነግርሃለሁ።

የቴአትር ማኅበራችሁን አጀማመር ሰው ሁሉ በየራሱ ያወራዋል። እኔ ያየሁትን ልጻፍ። እዚህ መካነ ኢየሱስ የትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ነበር። መምህራኑ ያዘጋጁት ቴአትር ገና ከመጀመሩ ዋናው ተጫዋች ቃሉ ጠፋበትና መድረኩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሕዝቡ መነሣት ጀመረ። ያን ጊዜ ጨው ነጋዴው ፈንታ ከመቀመጫው ተነሥቶ የኩታህን ጫፍ ይዞ አንተንም ጎትቶ አወጣህ። አባቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ኩታቸውን ቋጥረው ዳኛ ዘንድ እንደሚሰዷቸው፣ ኩታህን ከኩታው አቆራኘና ከሰሰህ። ይህ ሰው አምና በሕልሜ በሬዬን ሰርቆብኛል አለ። አንተ ጆሮህን በብዕር እጀታ አከክ አከክ አደረግህና አልክድም አልህ፤ ተጸጽቼ ትናንት በሕልሜ ልመልስለት ሄጄ ነበር፣ እሱ ግን ሳይተኛ አድሮ ቤቱ አጣሁት። ከሕዝቡ መካከል አንድ በቅሎ ነጋዴ ዳኛ ሁን ተባለ። ሁለታችሁም አንድ አልጋ ላይ ተኝታችሁ በሬውን ተረካከቡ ብሎ ፈረደ። የዚያን ቀን የተሰበረው አግዳሚ ወንበር እስከ ዛሬ በገመድ እንደ ታሰረ ነው።

ከዚያ ወዲያ ስማችሁ ቁራኞች ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ተጫወታችሁ። በእስቴ፣ በጋይንት፣ በስማዳ፣ የገበያ ቀን እየጠበቃችሁ። ፈንታ ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ቆይቶ ያቋረጠ ሰው ነውና፣ ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም የሚለውን ሕግ ወደ መድረኩ ይዞት መጣ። ምንም አይጻፍም፣ ምንም አይደገምም። ኩታው የታሰረ ሰው የጓደኛውን ቃል እንቢ አይልም፤ ጅራት አለህ ካለህ ጅራት አለህ። ዳኛው ሁልጊዜ ከሕዝቡ ይጠራል፣ የፈረደውም ይጸናል። አንድ ሕግ አንተ ጨመርህ። ከጠረጴዛዬ የሚነሣ ነገር መድረክ አይወጣም አልህ። ሰው ችግሩን አምኖ የነገረህን ለሳቅ እንዳታደርገው ነበር።

ነፋስ መውጫ ላይ የሆነውን እስከ መጨረሻህ ስታስበው ትስቅ ነበር። ፈንታ ሌባ ሆኖ ቋጠሮውን ፈትቶ በሕዝቡ መካከል ሮጠ። አንተ በሕግ አምላክ ብለህ ጠራኸው። ያን ቃል ሰምቶ ተቀምጦ የሚቀር ሰው በጋይንት የለም። ሜዳው በሙሉ ተነሣ። አንድ ግዙፍ ገበሬ ፈንታን ጥሎ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ጨዋታ ነው ቢሉት፣ ጨዋታ ከሆነ ስለ ምን ይሮጣል ብሎ አልነሣ አለ። ፖሊስ መጥቶ ነው ያስነሣው። ያን ለዓመታት እንደ ቀልድ አወራነው። ቆም ብሎ ያሰበው አልነበረም። ሰውዬው ሞኝ አልነበረም። ቃሉ እሱ ዘንድ አንድ ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ የሚሠራ፣ መድረክ ላይ የማይሠራ ብሎ አይከፍለውም።

አሁን ወደ ወገዳው ልምጣ። በሕይወት ሳለህ ያልነገርሁህ ይህን ነው።

ወደዚያ ልትሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀር ከዚያው ከስማዳ ወገዳ አንድ ገበሬ ማመልከቻ ሊያጽፍህ መጣ። ገበየሁ ይባላል። ዝምተኛ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው። ነገሩ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነበር። አባታቸው ሲሞት ድንበሩን በአንድ የኮሶ ዛፍ ለይቶላቸው ነበር። ታላቁ ዛፉን ቆረጠው፣ ጉቶውን አፈር አለበሰው፣ በላዩም ገብስ ዘራበት። ከዚያ ድንበሩ ወዲያ ማዶ ነው አለ። ገበየሁ ይህን ለአንተ ብቻ ተናገረ። ማመልከቻውን በንጹሕ ልትገለብጠው እቤት አመጣኸው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ትተኸው ወጣህ። እኔ አነበብሁት። ማንበብ ያስተማርኸኝ በነዚያ ወረቀቶች ነው። ከዳዊት በቀር ሌላ መጽሐፍ በቤታችን አልነበረም።

በማግሥቱ አንተ የማኅበር ጠበል ልትጠጣ ሄደህ ሳለ ፈንታ መጣ። እኔ ባቄላ እፈለፍላለሁ። ፈንታ አጉረመረመ። የወገዳ ሰው ባለፈው አዛጋብን፣ የእስቴ ቀልድ አይገባውም፣ የራሱ የሆነ ነገር ካላመጣንለት ዋጋ የለንም አለ። እኔ የጉቶውን ነገር ነገርሁት።

ለምን እንደ ነገርሁት ሦስት ዓመት አስቤበታለሁ። ክፋት አልነበረም። ሞኝነት ነው ማለትም አልችልም፣ ሕግህን አውቀው ነበርና። የመድረክ ልብሳችሁን ዘጠኝ ዓመት ሰፋሁ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከመድረኩ የተሰማ አንድ ቃል የኔ አልነበረም። ሴት አትወጣም፤ የሴትን ቦታ እንኳ ፈንታ ሻሽ አስሮ ነበር የሚጫወተው። አንድ ጊዜ ሰው እኔ ባመጣሁት ነገር ሲስቅ ልስማ ብዬ ነው። ፈንታ ሳቀና ጥሩ ነው አለ። የጠረጴዛ ነገር አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስም ካልጠራችሁ ማን ያውቀዋል አልሁት።

የወገዳ ገበያ ቀን ነበር። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ፈንታ ኩታችሁን ቋጠረና ጀመረ። ይህ ታላቅ ወንድሜ የድንበራችንን ኮሶ ቆርጦ፣ ጉቶውን አፈር አልብሶ፣ ገብስ ዘራበት አለ። ፊትህ ሲለወጥ አየሁ። ሕዝቡ አላየውም፤ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ያን ፊት ሳይ የኖርሁ ነኝ። እንቢ ማለት አትችልም፣ ታስረሃል። ነገሩን ልታጣምመው ሞከርህ። ጉቶ አይደለም ዶሮ ናት፣ ታቅፋ ነው ያለችው፣ ጫጩት እስክትፈለፍል አፈር አልብሻት ነው አልህ። ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። ከኔ በኋላ ሜዳው በሙሉ ሳቀ።

በዚያ ሳቅ መካከል አንድ ሰው ብድግ አለ። ገበየሁ ነበር። ቆመ ብቻ። ሚስቱ ጥሩወርቅ የጋቢውን ጫፍ ይዛ ታስቀምጠዋለች፣ እሱ አይቀመጥም።

ለዳኝነት የተጠራው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ በዚያ አገር ነገር ሲያስታርቅ የኖረ፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው። እሱ አልሳቀም። ሁለታችሁንም እስከ መጨረሻ አዳመጠና ከዘራውን ተክሎ ተነሣ። «ጉቶው ይቆፈር» አለ። «ከተገኘ ታናሹ ይረሰው። ንጉሥ ይሙት።» በእውነተኛ ችሎት የሚማለውን መሐላ ሲሰማ ሕዝቡ ሳቁን አቆመ። ከዚያ ፈንታ እጅ ነሣ፣ ሰው አጨበጨበ፣ አበቃ።

በማግሥቱ ጧት እኛ በቅሎ ስንጭን ገበየሁ ቆፍሮ ጉቶውን አግኝቷል። ተፈርዶልኛል ብሎ በሬዎቹን ጠመደ። ሁለት ትልም ሳያወጣ ታላቅ ወንድሙ በመጥረቢያ ራሱን መታው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገዳዩ ወደ በሽሎ ቆላ ወርዶ ጠፋ።

ወሬው የደረሰን እዚህ ነው። ለለቅሶ ወገዳ ተመለስን። ሰው ከመንገድ ዞር እያለ ያሳልፈን ነበር። ጥሩወርቅ ከለቀስተኛው መካከል ወጥታ ፊትህ ቆመች። ድምጿን አላነሣችም። «ነገራችንን ለሳቅ ሰጠኸው» አለችህ። አንተ ጎንበስ ብለህ መሬቱን ነካህ። እኔ ከኋላህ ነበርሁ። ያን ጊዜ ወደ ፊት ሦስት እርምጃ መሄድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ከወገዳ በተመለስን በሁለተኛው ቀን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ጫማህን ስታወልቅ ቆየህና ቀና አልህ። ከጉዞው በፊት እሑድ ዕለት ከፈንታ ጋር አረቄ ጠጥታችሁ ነበር። ያን ቀን ምን እንዳወራህ አታስታውስም። ፈንታን ጠይቀኸዋል፤ ከራሴ መጣልኝ ብሎሃል፤ አላመንኸውም፤ ስለ ወዳጅነታችሁ ሲል የሚሸፍንልህ መሰለህ። የሸፈነው እኔን ነበር፣ እኔም ሳልለምነው።

«ነግሬው ይሆን እንዴ?» አልኸኝ።

«እንጃ» አልሁህ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከአንድ ቤት ኖርን። ማኅበሩን ተውህ። ማመልከቻ ትጽፋለህ፣ ግን በአንድ እጅህ እየሸፈንህ፣ ሲያበቃም ሣጥን ውስጥ ትቆልፈዋለህ። ከኔ አይደለም የምትቆልፈው። ከራስህ ነበር። አረቄ ብቻ ሳይሆን ጠላም ተውህ፤ በሠርግ ቤት ውኃ ትጠይቅ ነበር። ሳሉ ሲጀምርህ ሐኪም ቤት ደብረ ታቦር እንሂድ ስልህ፣ ይሁን፣ ይሁን እያልህ አንድ ክረምት አሳለፍህ። ሳንባህ እንዳለቀ የነገረን ሰው አምስት ወር ሰጠህ፤ አንተ በሦስተኛው በቃና ዘገሊላ ሞትህ። በመጨረሻዎቹ ቀኖች ጥያቄውን አልደገምህም። እኔ ግን ዓይንህን ከጣራው ላይ ስታነሣ በየጊዜው ልትደግመው ነው እያልሁ እጠብቅ ነበር።

ጥሩወርቅ አሁን እዚህ መካነ ኢየሱስ ናት። የባሏ ዘመዶች መሬቱን ያዙት። ልጅ ስላልነበራት ማንም አልተከራከረላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጌሾ ትሸጣለች። እኔ ጌሾ ከሌላ ቦታ እገዛለሁ። አንዳንዴ በገበያው መካከል ስሄድ ሰዎች ሰብሰብ ብለው ሲስቁ እሰማለሁ። ያን ጊዜ ዞር ብዬ ከመካከላቸው ማን እንደሚነሣ አያለሁ። ሁልጊዜም የሚነሣ አለ፤ አህያውን የሚያባርር፣ ልጁን የሚጠራ። ፊቱን እስኪያዞር ድረስ አልተነፍስም።

ፈንታ ከመስቀል በኋላ መጥቶ ማኅበሩን ላነሣው ነው አለኝ። ሁለት ወጣት መምህራን አግኝቷል። አዳራሽ የለም፤ እንዲሟሟቁ የኛን እልፍኝ ሰጠኋቸው። ባለፈው ማክሰኞ ጓዳ ሆኜ ሽንብራ ስለቅም ሳልህን ሰማሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ጉሮሮህን የምትጠርገው። ውሻው ከተኛበት ተነሥቶ ጅራቱን እየቆላ ወደ እልፍኙ ገባ። እኔም ተነሣሁ፤ ሽንብራው ከጭኔ ላይ ፈሰሰ። የሞትህ ሰው መሆንህን ያወቅሁት በሩ ጋ ከደረስሁ በኋላ ነው። ፈንታ በወንበርህ ተቀምጦ ጆሮውን በእስክሪብቶ ያካል። ውሻው ጉልበቱን አሸተተና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፈንታ ቀና ብሎ፣ በአንተ ድምፅ፣ ነግሬው ይሆን እንዴ አለ። መምህራኑ ሳቁ። እነሱ የሳቁት ድምፁ አንተን ስለ መሰለ ነው።

ከሄዱ በኋላ ፈንታን አስቀርቼ ምን ልታደርግ ነው አልሁት። ያሰበውን ነገረኝ። በሰማይ ችሎት ከመልአክ ጋር ተቆራኝተህ ትቀርባለህ። የሰውን ምሥጢር አወጣህ ተብለህ ትከሰሳለህ። አንተም ጠጥቼ ነበር፣ ነግሬዋለሁ ትላለህ። ከሕዝቡ አንድ ሽማግሌ ይጠራና ይምርሃል። አገሩ ሁሉ ይህን ነገር በሆዱ ይዞ ነው የሚያየን አለ፤ አንድ ቀን ስቆበት አልቅሶበት ካልወጣለት ማኅበሩ አይቆምም።

እሱ እንዳልነገረህ ታውቃለህ አልሁት። አውቃለሁ አለ። «እሱ ሞቷል፤ ማን ይከሰዋል፣ እቴ?» አለኝ። «አንቺ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጫለሽ።»

ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኔ ጋር አንድ ነገር ተሸክሞ ኖሯል፤ ማውረጃ ያገኘው አንተ ዘንድ ሆነ። የሚያስፈራኝ ፈንታ እንደዚያ ማሰቡ አይደለም። እኔ ዝም ማለቴ ነው። ሰማሁት፣ ዝም አልሁ፣ ለዳኛው የሚሆን ካባ ስፊልን ሲለኝ ጨርቁን ተቀበልሁት። ለአንተ እንጃ ያልሁበት ያው አፍ ነበር። ሦስት ቀን ቀደድሁ፣ ጠቀምሁ። ዛሬ አንድ እጅጌው ተገጥሟል፣ ሁለተኛው ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጧል። ከመምህራኑ አንዱ ሊወስደው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ሲስል ሰምቻለሁ፣ የራሱን ሳል።

ጧት የሁለተኛውን እጅጌ ጠርዝ ስጠቅም አንድ ነገር አሰብሁ። በአሥር ሰዓት አንተ ነግሬዋለሁ ካልህ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የእስቴ ሰው፣ የስማዳ ሰው፣ ብርቄ የምትወልደው ልጅ ሳይቀር፣ አያሌው የሰው ምሥጢር በአረቄ የለወጠ ሰው ነበር ብሎ ያውቅሃል። ምሕረት ተደርጎልህም ቢሆን። ሕዝቡ ጨዋታ ነው ብሎ እንደማይተወው ከማንም ይልቅ እኔ አይቻለሁ። ጥሩወርቅም ትሰማዋለች። ከዚያ በኋላ እኔ ሄጄ እውነቱ ሌላ ነው ብላት፣ የሟች ባሏን ስም የምታነጻ ሚስት ነች ብላ እንደማታምነኝ ግልጽ ነው። ልትሰማኝ የምትችለው ከአሥር ሰዓት በፊት ነው።

ምን እንደምታደርገኝ አላውቅም። ጌሾዋን ፊቴ ላይ ልትበትን ትችላለች፣ ፖሊስ ልትጠራ ትችላለች፣ ዝም ልትል ትችላለች። ዝም የምትል ከሆነ እንዴት ቆሜ እንደምመለስ አላሰብሁበትም። ልብስ የሚያሰፉኝ ሰዎች ከሰኞ ጀምሮ ላይመጡ ይችላሉ። ብርቄም ባሏ ፊት ታፍራለች። ይህን ሁሉ ጠቀማው ላይ እያለሁ ቆጥሬዋለሁ፤ ሆኖም የሚያስቀረኝ ሆኖ አላገኘሁትም።

አያሌው፣ ማንበብ ያስተማርኸኝ ሰው ነህና ይህን በጽሑፍ ላስቀምጥልህ። አልነገርኸውም። ለፈንታም፣ ለማንም አልነገርህም። ፊትህ ወገዳ ላይ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ያን ሰው ለማዳን ታስረህ ሳለህ ዶሮ እንዴት እንደ ፈጠርህ፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ እስካለሁ የማስታውስህ በዚያ ነው። ለብርቄም የምነግራት ያን ነው፣ መስማት ብትፈልግም ባትፈልግም።

ጥሩወርቅ ከገበያ የምትነሣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቼዋለሁ። ነጠላዬን አጣፍቻለሁ። ደጅ የቆመው መምህር ካባውስ ብሎ እስከ ጌሾ ተራ ሳይከተለኝ አይቀርም፤ ይከተለኝ።

ሄድሁ።